እታለምን ከማንኪራ ያወጣ ቀዝቃዛ አየር

በ1998 ዓ.ም. ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ታላቅ እህቴ አስካለ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቡና ስትለቅም አንሸራትቷት እግሯ ተሰበረ። ጎረቤቶቿ «በቃሬዛ እናውጣት» ብለው ላኩብኝ። እኔ «በመኪናዬ ቦንጋ ሆስፒታል አደርሳታለሁ» አልኩ። ካልኩ አልኩ ነው።

አሮጌዋ ፒካፔ ግን ዳገት ላይ ትታፈናለች፤ የአየር ማጣሪያዋ አልቋል። ቦንጋ ገበያ ያለው የመለዋወጫ ነጋዴ ሁሴን ሁለት ዓይነት አወጣልኝ፤ አንዱ በሳጥን የተዘጋ፣ ከፊት አየር የሚስብበት ቱቦ ያለው፣ ሌላው ሳጥን የሌለው፣ የሚያብለጨልጭ ቀይ።

«ጋሼ፣ የተዘጋውን ይውሰዱ። ቀዩ የሞተሩን ሙቀት ነው የሚስበው።»

«የተከፈተ አፍ አይሻልም? ቀዩን አምጣ!»

«እንግዲህ ዳገቱ ይንገርዎት» ብሎ ሳቀና ቀዩን ገጠመልኝ።

ጠዋት፣ ጫካው ውስጥ

መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። ዛፎቹ ከላይ ተጋጥመው ሰማዩን ደብቀውታል። የመጀመሪያው ዳገት መሃል መኪናዋ ባዶዋን ተንፈራግጣ ቆመች። ስወርድ ፊቴን የመታኝ አየር እንደ ምንጭ ውኃ ይቀዘቅዛል። ኮፈኑን ስከፍት ደግሞ የእቶን ወላፈን። በአንድ ክንድ ርቀት ሁለት አገር! ደንግጬ ቆሜ ቀረሁ። ሞተሩ ሲበርድ እንደ ምንም ደረስኩ።

ማንኪራ

ቀዩ ማጣሪያ የሞተሩን ሙቀት ስቦ መኪናዋ መቆሟን ስነግራት እህቴ እግሯን ረስታ ሳቀች።

«አንተ፣ ዕድሜህን ሙሉ ቀፎ ሰቅለሃል። የቀፎ አፍ ወደ እሳት አዙረህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ እታለም።»

«ታዲያ መኪናህ ምን በደለችህ? ጫካ ውስጥ ብትቆም በአንድ እግሬ ልገፋልህ ነው?»

የዘይት ቆርቆሮ ቀድጄ በማጣሪያውና በሞተሩ መካከል ግድግዳ አቆምኩ፤ እንደ ቀፎ ስንጥቁን ሁሉ ደፈንኩ። ከዚያ ወፍራም ቱቦ አስገብቼ አፉን ከፊት መብራቱ ጎን፣ ጭቃ ከማይደርስበት ከፍታ፣ ወደ ውጭ አዞርኩት።

መመለሻ

እህቴን ከኋላ ፍራሽ ላይ አስተኛናት። ትልቁ ዳገት ሲመጣ አብሯት የተቀመጠው ጎረቤቷ ገብሬ «ለጎማው ድንጋይ ላዘጋጅ?» ብሎ ጮኸ።

«ዝም ብለህ እሷን ያዝ!»

ማርሽ ቀንሼ ረገጥኩ። ሞተሩ ያን ሁሉ ጫካ ወደ ውስጡ የሚስብ መሰለኝ። አልታፈነችም! አናቱ ላይ ስንወጣ ከታች ጉሙ ከአረንጓዴው ውስጥ ይነሣል፤ ጫካው ራሱ ሲተነፍስ አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ በውስጡ ኖሬ እንዲህ አይቼው አላውቅም። ብረትም መተንፈሻ እንደሚመርጥ ያን ቀን ተማርኩ።

ሳይመሽ ሆስፒታል ገባን፤ እግሯን በጄሶ አሰሩላት። እኔም ቤቴ ገብቼ ከነጭቃዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ገንፎ ይዤላት ሄድኩና አጎርሳት ጀመር።

«ቀስ በል እንጂ! ጉሮሮዬ ዳገት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ቀስ አልኩ።