በክርስትና ስም የጻፍሁት ምስጢር

ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ልገባ ጫማዬን ሳጠልቅ ከእህቴ መንደር አንድ ሰው እያለከለከ ደረሰ። «አያሌውን አርበኞች ገደሉት... ባንዳ ነው ብለው። ቀብሩ ዛሬ ነው፣ ድረስ» አለኝ።

አያሌው የታናሽ እህቴ የይመኙ ባል ነው። ከሉማሜ በታች የሚያርስ ገበሬ። እሱ እንኳን ሰው ሊጠቁም፣ የጎረቤት ከብት ማሳው ውስጥ ቢገባ ዝም ብሎ የሚያስወጣ ሰው ነው። ባንዳ? አያሌው? ጉድ እኮ ነው!

ባንዳስ እኔ ነበርሁ። ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ ተቀምጦ በነበረበት በዚያ ዘመን ቢሮው ውስጥ ጸሐፊና አስተርጓሚ ነበርሁ። ልጆቼን ላሳድግ ብዬ ነው እያልሁ ራሴን እሸነግላለሁ እንጂ ስሙ ያው ነው።

አርበኞችን ለጣልያን የሚጠቁሙትን ሰዎች መዝገብ የምጽፈው እኔ ነኝ። አለቃዬ ጣልያኑ ካፒቴን በዚያ መዝገብ የተነሳ እንቅልፍ የለውም። ብረት ሣጥን ውስጥ ይቆልፈዋል፣ ቁልፉን ለማንም አይሰጥም። አንድ ቀን ታዲያ «ወረቀቱ ቢሰረቅስ? ሌባው አንብቦ ሰዎቹን እንዳያውቅብን ምን ይሻላል?» አለኝ።

እኔ ብልጡ! «ጌታዬ፣ በክርስትና ስማቸው እንጻፋቸው» አልሁት። «እኛ አገር ሰው በክርስትና ስሙ አይጠራም። ከቄሱና ከወላጆቹ በቀር የሚያውቀው የለም።»

ካፒቴኑ ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እውነቱን ልንገራችሁ... በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ መዝገቡ ላይ የክርስትና ስምና መንደር ብቻ ሆነ። ፈንቴ የሚባለውንም ጠቋሚ የክርስትና ስሙን ከራሱ ጠይቄ «ወልደ ሚካኤል» ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ፈንቴ ከአያሌው ጋር አጥር ለአጥር ጎረቤት ነው። መጀመሪያ በቢሯችን የጓሮ በር ሲገባ ሳየው ክው ብያለሁ፤ ግን ለይመኙ እንኳ ትንፍሽ አላልሁም። የቢሮ ምስጢር ነዋ!

አያሌው ከመገደሉ ሳምንት ቀደም ብሎ የዝርዝሩ ግልባጭ ሉማሜ ወዳለው የጣልያን ሰፈር ሲላክ፣ ወረቀቱን የያዘው ሰው መንገድ ላይ ተመታ። ቦርሳው አርበኞች እጅ ገባ። ካፒቴኑ ሲንቆራጠጥ «አይስጉ፣ ስሞቹን ማንም አያውቃቸውም» ብዬ አጽናናሁት።

እንግዲህ ያን ማክሰኞ በቅሎ ለምኜ ከሰዓት በኋላ ደረስሁ። ለቀስተኛ የለም ማለት ይቻላል። የባንዳ ቀብር ማን ይወጣል? ሬሳው በሰሌን ተጠቅልሎ ቃሬዛ ላይ ነው። ከአራቱ ተሸካሚዎች አንዱ ፈንቴ ነበር... እንባው እየወረደ!

ይመኙ ስታየኝ እግሬ ላይ ወደቀች።

«ወንድም ጋሼ፣ ወረቀት ላይ ስምህ አለ ብለው ከማሳው ወሰዱት! ልጆቼ የባንዳ ልጆች ሊባሉብኝ ነው። አንተ እዚያ አይደል የምትውለው? ስሙ የለም በልልኝ!»

አነሳኋትና በጆሮዋ «የለም፤ በእመቤታችን እምልልሻለሁ። ጻፊው እኔ ነኝ፣ ያያሌው ስም የለበትም» አልኋት።

«እንግዲያው ለሰው ተናገርልኝ! እዚሁ ቆመህ ተናገር!»

ልናገር ጉሮሮዬን ጠረግሁ። በዚያች ቅጽበት ቄሱ ፍትሐቱን ጀምረው የሟቹን ስም ጠሩ። «...ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሚካኤል...»

ዞር ብዬ ፈንቴን አየሁት።

ያያሌው የክርስትና ስም ወልደ ሚካኤል መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ስንት ዓመት ከአንድ ገበታ በልተናል፣ አላውቀውም ነበር! ከይመኙ ጋር በቁርባን ሲጋቡ እኔ ራቅ ያለ አገር ቅኔ ቤት ነበርሁ። የመንደሩ ሰው ግን ሲቆርብ ስሙን ሰምቷል። ፈንቴ እንደሆነ ለቁርባን ቀርቦ አያውቅ፣ ስሙን ማን ያውቅበታል? ኋላ እንደሰማሁት፣ አርበኞቹ «እዚህ መንደር ወልደ ሚካኤል ማነው?» ብለው ሲጠይቁ የተጠቆመው ቆራቢው አያሌው ብቻ ነው።

ይመኙ ክንዴን ትጎትታለች። «ተናገር እንጂ! ምን ሆንህብኝ?»

ፈንቴ ከቃሬዛው ማዶ ቀና ብሎ አየኝ። ማልቀሱን አቁሟል። ነገሩ ለሁለታችንም እኩል ገባን። አያሌውን ነጻ ለማውጣት ፈንቴን መጥራት አለብኝ። ፈንቴን ከጠራሁ አርበኞቹ ይገድሉታል፣ እኔንም ካፒቴኑ ምስጢር አወጣህ ብሎ ገበያ መሐል ይሰቅለኛል።

ፈራሁ። ሌላ ምንም አይደለም፣ ፈራሁ።

«ቀብሩ ይለፍና እናገራለሁ» አልኋት። ቀብሩ አለፈ... አልተናገርሁም። አያሌው ባንዳ ተብሎ ተቀበረ።

በማግስቱ ካፒቴኑ ስለጠፋው ግልባጭ ለበላዮቹ የሚላክ መግለጫ አስጻፈኝ። ስንት ገጽ ነበር፣ ማን ይዞት ነበር፣ የት ጠፋ... ሁሉንም በተራ ጻፍሁ። ከታች «ግልባጩ በመጥፋቱ ጉዳት የደረሰበት ሰው» ይላል። ካፒቴኑ ጠቋሚዎቹን አንድ ባንድ አስጠይቆ ሁሉም ደህና መሆናቸውን አረጋግጧል።

«የለም ብለህ ጻፍ» አለኝ።

በዚያ ባማረ ጽሕፈቴ «የለም» ብዬ ጻፍሁ። አንድ ፊደል እንኳ አልተሳሳትሁም፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ይመኙ እስከ ዛሬ «ያን ዕለት ወንድሜን ሐዘን አፉን ያዘው እንጂ ይናገርልኝ ነበር» እያለች ለሰው ታወራልኛለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።