ደህናውን ዲስክ የመለስኩ ቀን

አምቦ መሬት አስተዳደር ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ኦቦ ገመቹ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ እየጠቆሙ፣ «ኮምፒውተር ቢበላሽ ትጠግነዋለህ፤ ጋሽ ታደሰን ካስቀየምክ ግን አለቀልህ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ጋሽ ታደሰ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። የተበላሸውን ሳይረከቡ አዲስ አይሰጡም፣ መጥረጊያም ቢሆን።

የገበሬውን የመሬት ይዞታ ፋይል የያዘው ሰርቨር ሁለት ዲስክ ነበረው። የሚጻፈው ሁሉ በሁለቱም ላይ እኩል ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት በሌላው ይሠራል።

አንድ ጠዋት ሲስተሙ «ዲስክ 1 ተበላሽቷል» አለ። በዚያው ሰዓት አዴ ቦንቱ በር ላይ ቆመዋል። ከወንጪ በኩል የመጡ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። የባላቸው ወንድም መሬቱ የኔ ነው ብሎ ከሷቸዋል። የይዞታ ደብተራቸውን አይጥ በልቶታል፤ ፍርድ ቤቱ ማኅተም ያለበት ቅጂ ከስድስት ሰዓት በፊት ይፈልጋል።

ሲስተሙ እኮ በቀረው ዲስክ እየሠራ ነበር! አትሜ መስጠት እችል ነበር። እኔ ግን «አሥር ደቂቃ ይታገሱኝ፣ ይቺን ልቀይር» አልኳቸው።

ሰርቨሩን አጥፍቼ ከፈትኩት። ጋሽ ታደሰ የንብረት ቁጥራቸውን ልክ የሞተውን ለመለየት በሚረዳው በፋብሪካው መለያ ቁጥር ላይ ለጥፈውበታል። የንብረት ቁጥር መላጥ ደግሞ ያስጠይቃል። አንዱ ላይ 1፣ ሌላው ላይ 2 ይላል። 1 የሚለውን ነቅዬ ግምጃ ቤት ሄድኩ፤ መለስኩ፤ ፈርሜ አዲስ ወሰድኩ።

ገጥሜ ሳበራው ፋይል የለም። ያኔ ገባኝ። ማሽኑ ከዜሮ ነው የሚቆጥረው፤ የሱ አንድ የጋሽ ታደሰ ሁለት ነው። ይህን ደግሞ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ወይ እኔ! ደህናውን ለግምጃ ቤት አስረክቤ ከሞተውና ከባዶው ጋር ቀረሁ።

እየሮጥኩ ብሄድ ግምጃ ቤቱ ተቆልፏል። ደወልኩ።

«ወደ እንጭኒ ለቅሶ እየሄድኩ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ምነው፣ ሌላም ተበላሸ?»

ኦቦ ገመቹን ቁልፉ ይሰበር ብዬ ለመንኳቸው። «ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ሳይፈርም?» አሉኝ። ከሦስቱ አንዱ ጋሽ ታደሰ ናቸው።

አዴ ቦንቱ ስድስት ሰዓት እስኪሆን አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ባዶ እጃቸውን ፍርድ ቤት ደርሰው ተመለሱ።

ጋሽ ታደሰ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ዲስኩን ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር አወጣሁት። መልሼ ገጠምኩት፣ ሠራ። ፋይሉን አትሜ ለአዴ ቦንቱ ከሰጠሁ በኋላ በሞተው ምትክ አዲሱን አስገባሁ፤ ቅጂውም ይሞላበት ጀመር። ፍርድ ቤቱ ግን ቀጠሮውን ከክረምቱ በኋላ አድርጎታል።

«ያ ኢልመ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ አዴ ቦንቱ ወረቀቱን እያጣጠፉ፣ «ወረቀቱ ተገኘ፤ ዘንድሮ መሬቱን ይዞ የሚያርሰው ግን የባሌ ወንድም ነው።»

እንዳሉትም እሱ አረሰው። በኋላ ረቱት፤ የዚያን ዓመት ገብስ ግን ማን ይመልስላቸዋል? አፍሬያለሁ፣ ዛሬም አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ በጉደርም በጌዶም ብዙ ዲስክ ቀይሬአለሁ፤ ደክሞኛልም። አንዱ ዲስክ ሲሞት መጀመሪያ በር ላይ የቆመውን ሰው ወረቀት አትሙ። መፍቻው ከዚያ በኋላ ይነሳል።