ሃይደራባድ የተሸከምነው ጀናዛ

ባለፈው ረቡዕ የጌታቸው ልጅ ትዕግሥት ከወልድያ በሚኒባስ ተሳፍራ መርሳ ድረስ መጣችልኝ። አባቷ ካረፈ አርባ ቀን ሊሞላው ነው። ለተዝካሩ ብላ የአባቷን ወዳጆች እየዞረች፣ ስለ እሱ የሚያውቁትን በስልኳ ትቀዳለች። ጓሮዬ ካለው ማንጎ ሥር ወንበር አወጣሁላት። ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና፣ «ጋሽ እንድሪስ፣ የሕንዱን ይንገሩኝ። ጀናዛ የተሸከማችሁበትን» አለችኝ።

መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ አወራኋት። ቀጥሎ ማንጎው ዘንድሮ ለምን እንዳላፈራ አስረዳኋት። ወሬ ማስረዘም ከድሮም አይከብደኝም፤ ያን ቀን ግን ያስረዘምኩት እዚያ ታሪክ ላይ እንዳልደርስ ነው።

ጌታቸው የጉባ ላፍቶ ደገኛ፣ የቄስ ልጅ ነው። እኔ የመርሳ ነጋዴ ልጅ። ወልድያ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተማርን፤ ከሥጋ በቀር ያልተካፈልነው ምግብ የለም። እሱ ዝምተኛ፣ እኔ አፈኛ ነበርኩ። አባቴ የሞተ ዕለት ጌታቸው በጭነት መኪና ተንጠልጥሎ መጥቶ ከቅሬው ጋር ጀናዛውን ተሸክሟል። ቅሬ የምንለው በሰፈር ተሰባስበን ሙታናችንን የምንቀብርበትን ማኅበር ነው።

በእኛ አገር መንገድ ላይ ሬሳ ከገጠመህ የማን ነው ብለህ አትጠይቅም። ቆም ትላለህ፣ ትከሻህን ታስገባለህ፣ ጥቂት እርምጃ ትሸኛለህ፣ ከዚያ ሌላው ይቀበልሃል። እስላም ሆነ ክርስቲያን ልዩነት የለውም። ስሙን ብትጠይቅም ከሸኘህ በኋላ ነው። እርሻ ልንማር ሕንድ ስንላክ ይህን ልማዳችንን ይዘን ሄድን፤ እዚያ አገር መጀመሪያ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ የነገረን አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ አገር ልንመለስ ሁለት ቀን ሲቀረን ነው። ዝናቡ ሊገባ ነው፣ ግን አልገባም፤ የሃይደራባድ ፀሐይ የእኛን የሐብሩን ቆላ የሚያስናፍቅ ነው። ለእጮኛዬ ለዘይነባ የመስተዋት አምባር ልገዛላት ፈለግሁ። አምባር የሚሸጠው ደግሞ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ባለ አራት ሚናሬቱ ትልቅ በር አጠገብ ነው። ስንወጣ የማደሪያችን ዘበኛ፣ ጥርሱ ያለቀ ደግ ሽማግሌ፣ በሩ ላይ አስቆመን።

«ዛሬ ጥሩ አይደለም። ሰኞ ሂዱ» አለ።

ሰኞ እኛ አውሮፕላን ውስጥ ነን። ጌታቸው የዘበኛውን ፊት አይቶ፣ «እንቅር እንድሪስ፤ ሰውየው የሚያውቀው ነገር አለ» አለኝ።

«ወይ ደገኛ! ጥላህንም ትፈራ ጀመር?» ብዬ ሳቅሁበት። ሳቄን ዛሬም እሰማዋለሁ፤ ደስ አይለኝም።

አሮጌውን ከተማ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አይተነዋል። ድልድዩን ተሻግረህ ስትገባ ባለ ሦስት እግሩ ሪክሾ፣ ፍየሉ፣ ሽቶ ሻጩ፣ ብርያኒ የሚሉት የሩዝ ምግባቸው ቅመምና የቦዩ ግማት አንድ ላይ ነው የሚቀበሉህ። ያን ቀን ግን መንገዱ ሰፍቶብን ነበር። ሱቆቹ ግማሽ በግማሽ ተከፍተው ባለቤቶቹ በር በር ላይ ቆመዋል። የብርያኒ ቤቱ ድስቶች ታጥበው ተደፍተዋል። ሴትና ሕፃን የሚባል አይታይም፤ ፎቅ ላይ ያሉት መስኮቶች በዚያ ሙቀት ተዘግተዋል። ሻይ ቤት ገብተን ያን ጣፋጭ የወተት ሻይ አዘዝን። አሳላፊው ሳንጨርስ ብርጭቆውን ከእጃችን ወሰደው። መርሳ በገበያ ቀን እንዲህ ዝም ብትል እናቴ ልጆቿን ሰብስባ በሯን ትዘጋ ነበር። እኔ ግን አምባር አምባር እያልኩ ወደ ውስጥ ዘለቅሁ።

አምባር ሻጩ ነጭ ጢም ያለው፣ ከእኔ ጋር በትንሽ ዓረብኛ የሚግባባ ሰው ነበር። ሃያ አራት መረጥኩ። ዋጋ ሲጠራ በግማሽ ቀንሼ መለስኩለት፤ «እሺ፣ ውሰድ» አለኝ። የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ሳይከራከር የሚሸጥ ነጋዴ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ሰውየው አንድ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል አምባሮቹን በገለባና በጋዜጣ ጠቅልሎ አስታቀፈኝ።

ከሱቁ ስንወጣ ከላይ በኩል «ላ ኢላሃ ኢለላህ» የሚል ድምፅ መጣ። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ቃሬዛ በወጣቶች ትከሻ ላይ እየሮጠ ይመጣል። አንድም ሽማግሌ አላየሁም፤ የሚያለቅስም አላየሁም። ጌታቸው ወደ እኔ ዞረ። የሁለታችንም እግር በልማዱ ቆሟል።

«ግባ እንጂ፣ ሬሳ እኮ ነው! ይህን አምባር ላስቀምጥና እቀበልሃለሁ» አልኩት።

ገባ። ረጅም ስለ ነበር ከፊት በግራ በኩል ቦታ ለቀቁለት። አምባሬን እንዳቀፍኩ ከኋላ ተከተልኩ። ሩቅ ሳልሄድ አምባር ሻጩ እየሮጠ መጥቶ እጅጌዬን ያዘኝ። የሞተው ልጅ ትናንት በሰፈር ጠብ በጩቤ የተገደለ መሆኑን፣ ገዳዮቹ የሌላ ሃይማኖት ሰዎች ናቸው ተብሎ መወራቱን፣ ፖሊስም ጀናዛው በእነዚያ ሰፈር፣ በቤተ መቅደሳቸው በር እንዳያልፍ መከልከሉን ነገረኝ። «እነዚህ ግን በዚያው ነው የሚሄዱት» አለኝ።

ቀና ስል ቃሬዛው ወደ ግራ ታጥፏል። ከመታጠፊያው ወዲያ ዱላ የያዙ ሰዎች መንገዱን ሞልተው ቆመዋል፤ ጣሪያዎቹ ላይም ሰው አለ። «ላ ኢላሃ» ሲሉ የነበረው ወደ ጩኸት ተለወጠ። ጌታቸው ነገሩ አሁን ገና የገባው መሰለኝ፤ አንገቱን አዙሮ ፈለገኝና ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«እንድሪስ! ተቀበለኝ!»

ድምፁ የፍርሃት አልነበረም። እዚህ መርሳ ወደ መቃብር አቀበቱን ስንወጣ የደከመው ሰው እንደሚጠራው ነው የጠራኝ። በመካከላችን ሃያ እርምጃ ቢኖር ነው። የመጀመሪያው ድንጋይ ወረደ፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ወደቀ፣ ሁለቱ ለቀው ሮጡ። እኔም ሮጥኩ፤ ወደ ኋላ። አምባር ሻጩ ሱቁ ውስጥ ጎትቶ አስገባኝና ቆርቆሮውን ከላያችን ዘጋው።

እዚያ ጨለማ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደ ቆየን አላውቅም። ውጭ ጩኸት በመጣ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያለው መስተዋት ሁሉ ይንጫጫል። ከቁርአን የምቀራውን ሁሉ ቀራሁ። ለእሱ ይሁን ለራሴ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። የቄስ ልጅ ነው፤ አንገቱ ላይ ክር አለ። በየትኛውም ወገን እጅ ቢገባ ማን ነህ ሲሉት ምን ብሎ ያስረዳል? ደግሞስ በምን ቋንቋ?

ውጭው ጸጥ ካለ በኋላ ቆርቆሮው በቀስታ ተመታ። «እንድሪስ፣ እዚህ አለህ?» ይላል፤ በአማርኛ።

ግንባሩ ተተርትሯል፣ አንድ ጫማ የለውም፣ ሸሚዙ ከትከሻው ቁስል ጋር ተጣብቋል። አራት ሰው ብቻ ቀርተው ሬሳውን መቃብር አድርሰውታል። ከአራቱ አንዱ እሱ ነው።

«ለምን ጥለኸው አልሮጥክም?» አልኩት።

«የሰው ልጅ አይደል? የት እጥለዋለሁ?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልኩ፤ ቀልድ ሆኖ እንዲያልፍልኝ። ድምፄ ተሰበረ። እሱ ግን ከልቡ ሳቀ። ለምን አልተቀበልከኝም አላለኝም። የጠየቀኝ አምባሩ መትረፉን ነበር። ሃያ አራቱም ደህና ነበሩ።

አገር ገብተን ሽማግሌዎች ስለ ግንባሩ ጠባሳ ሲጠይቁት፣ «እዚያ ጀናዛ ገጥሞን ተሸክመን ነው» አለ። ተሸክመን! አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። እናቴ ሁለታችንንም መረቀችን፤ «አሚን» አልኩ። መጀመሪያ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። በኋላ ለመድኩት። እኔ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ጣቢያ ከማሽላዬ ጋር፣ እሱ ወልድያ ሲያስተምር ዕድሜያችን አለቀ። በየበዓሉ እየተጠራራን ስንኖር አንድም ቀን አላነሳውም። አንስቶ ቢሰድበኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ትዕግሥት ስልኳን ወደ እኔ አስጠጋችው። «አባቴ ሁልጊዜ ‹እንድሪስ ባይቀበለኝ ኖሮ እዚያው እቀር ነበር› ይለን ነበር» አለችኝ።

ይህን አላውቅም ነበር። «ተሸክመን» ማለቱን እንጂ ለልጆቹ እንዲህ ማለቱን አላውቅም።

«አልተቀበልኩትም» አልኳት። «ጠርቶኛል። ሰምቼዋለሁ። ሮጥኩ።»

ቁጣዋን ጠበቅሁ፤ እውነቴን ነው፣ ተመኘሁትም። ትዕግሥት ግን ስልኳን አንስታ የተቀዳውን አጠፋችውና ነጠላዋን አስተካከለች።

«አባቴ የተናገረውን እኔ አላፈርስም፣ ጋሼ። እሁድ ለእስላሞቹ ለብቻ በግ ይታረዳል፣ ከመርሳም ሰው ይመጣል። ተነሥተው እሱ እንዳለው ይንገሩልን። ወንድሞቼም የሚያውቁት ያንን ነው።»

ጉንጬን ስማኝ ወደ መናኸሪያው ሄደች። እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ።

ዛሬ ዓርብ ነው። አሞኛል ልላት ሁለት ጊዜ ስልክ አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። እንደ ገና ልሸሽ መሆኔን አውቄ ነው የተውኩት። እሁድ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ አፌን ያያል፤ የጌታቸው ወንዶች ልጆች፣ በአባታቸው ቁመት፣ ከፊት ይቀመጣሉ። መሄዱን እሄዳለሁ። ቆሜ ምን እንደምላቸው ግን አላውቅም።