ከቀኝ የሚነበበው የሠርግ ካርድ

ዜና ጸሐፊ ነኝና ይህን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ምስክር አምጣ እለው ነበር። ግን በዓይኔ ያየሁት ነው።

ጋሽ መኩሪያ እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ፎርድስበርግ ሰፈር ውስጥ ሱቅ አላቸው። በቅርቡ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አንድ ሳጥን የብረት ፊደል ገዙ፤ የድሮ ማተሚያ ቤቶች አንድ በአንድ እየለቀሙ የሚደረድሩት፣ ያውም የአማርኛ። "የልጄን የሠርግ ካርድ ራሴ ነኝ የማትመው" ብለው ደረደሩ፣ ቀለም ቀቡ፣ አተሙ።

ጠርተውኝ ስሄድ ካርዱ ሁሉ ታትሞ አልቋል። እያንዳንዱ ፊደል ጥርት ብሏል፤ ቃሉ ግን አይነበብም። ብረቱን ከግራ ወደ ቀኝ ስለደረደሩት፣ ሲታተም እንደ መስታወት ተገልብጦ ወረቀቱ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ወጥቷል። ሠርጉ ደርሷል፤ ለካርዱ የተመረጠው ወረቀትም አልቋል።

"ልጄን የሰው መሳቂያ አደረግኳት" አሉ።

"ጋሼ፣ እንግዶቹን በስልክ ይጥሯቸው" አልኩ።

"ሠርግ በስልክ ይጠራል እንዴ? አንተ ደግሞ!"

ይህን ስንባባል ጎረቤታቸው ሐጂ ኑሩ ገቡ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቁርኣን ሲቀሩ ኖረዋል። አንዱን ካርድ አነሡና ከቀኝ ጀምረው፣ አንዴም ሳይደናቀፉ፣ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

"ምኑ ነው የተበላሸው? ገና ዛሬ በወጉ ጻፍክ" አሉ።

ጋሽ መኩሪያ ሳያስቡት ሳቁ። ሐጂ ካርዱን ኪሳቸው ከተው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ።

"አንድ ነገር ግን ረስተሃል፣ መኩሪያ። የእኛ በግ ለብቻው እንደሚታረድ አልጻፍክም።"