ለልጄ የመረጥኩት ተጫዋች

ልጄ መቻራ ከተማ ታስተምራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሰው የሚያገናኛት ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት የምትጫወተው የእግር ኳስ ሊግ ብቻ ነበር። ኮምፒዩተር የፈጠራቸውን ተጫዋቾች በየተራ እየመረጡ ቡድን ያቋቁማሉ። ከምርጫ ምሽቶቹ ሁሉ አንዱን አልረሳውም።

የዚያን ምሽት መቻራ ኢንተርኔት ጠፋ። እኔ ወዳለሁበት ጭሮ ደወለችልኝና በእሷ ፈንታ ገብቼ እንድመርጥላት የመግቢያ ቁጥሯን ነገረችኝ።

«እማዬ፣ ተራዬ ካለፈኝ ሊጉንም እተወዋለሁ። ሁሉም ነገር በቃኝ» አለች።

ድምጿ አስፈራኝ። ከእሷ ጋር በራሴ ስልክ እያወራሁ፣ ኢንተርኔት ያለውን የጎረቤቴን ስልክ ተውሼ ሊጉ ውስጥ ገባሁ። ተራዋ ደርሶ ማንን እንደምመርጥ ሳትነግረኝ የምናወራበት የስልክ መስመር ተቋረጠ። ለመምረጥ የተሰጠው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ደጋግሜ ብደውል አልገባም። ከዝርዝሩ በዕድሜ የሚበልጠውን፣ የሠላሳ ስምንት ዓመቱን ተከላካይ መረጥኩ። ልምድ ያለው ይሻላል ብዬ ነው።

መስመሩ ሲመለስ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ዘንድሮ ጡረታ ይወጣል።»

«እኔም ወጥቻለሁ፤ አልሞትኩም።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። እስኪወጣላት ጠበቅኩና ቀጣዩ ተራ መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ከሰባት ሰው በኋላ» አለች።

ስልኩን ሳንዘጋ ጠበቅን።