ሸጊቱ ከአራስ ቤት የወጣችበት ቀን

ሸጊቱ የዱርቤቴ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ታናናሾቿን አሳደገች። ኋላ ባሕር ዳር መጥታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረች፤ አለበልን አገባች። እሱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ሲዘምት፣ እሷ እርጉዝ ሆና ከእናቱ ከእማሆይ ወለተ ሩፋኤል ጋር ፋሲሎ ሰፈር ቀረች።

ወንድ ልጅ ወለደች። እማሆይ እንደ ወጉ ለጋ ቅቤ በጣታቸው አዋጡት።

"አንጀቱን ያለሰልስለታል" አሉ።

ሕፃኑ የጠባውን መለሰው። በማግስቱ ያስመለሰው አረንጓዴ ነበር፤ ጎመን የተቀቀለበት ውሃ የመሰለ።

"እሰይ! ቅቤው እድፉን እየጠረገለት ነው" ብለው እማሆይ ሌላ ጨመሩለት።

"እማሆይ፣ ከተወለደ እኮ አላራም።"

"ምን በልቶ ይራ? ያንቺ ጡት እንደሁ ውሃ ነው።"

ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። ሸጊቱ "ሐኪም ቤት እንሂድ" ብትል፣ እማሆይ በሩን ዘግተው እፊቱ ተቀመጡ። አራስ ልጇን ክርስትና ሳታስነሣ ከደጅ አትወጣም፤ ምች አለ፣ የሰው ዓይን አለ።

"አለበል ሲመጣ ምን እለዋለሁ? ልጅህን ሳይጠመቅ ለነፋስ ሰጠሁት ልበለው?"

መስኮቱ በጋቢ ተሸፍኗል። ከውጭ የዓሣ ሻጮች ድምፅ ይሰማል። ሸጊቱ በሕይወቷ ሁሉ ተቀመጪ ሲሏት ተቀምጣለች፤ ዛሬም ተቀመጠች። ልጁ ማልቀሱን ሲተው ግን ተነሣች። ከትራሷ ሥር ቢላዋ አወጣች።

"በሩን ይልቀቁልኝ።"

"ልታርጂኝ ነው?"

"ኧረ በስመ አብ! ለምች ነው እንጂ። አራስ ብረት ከያዘች ምንም አይነካትም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?"

እማሆይ ቢላዋውን አዩ፤ የልጁን ሆድ አዩ። ከዚያ ጥላቸውን አንሥተው "ፀሐይ እንዳያገኘው ወደ እኔ ጠጋ በይ" አሉ።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው የትውከቱን መልክ ነው።

"ቅቤ ነው" አሉ እማሆይ።

ሸጊቱ የነጠላዋን ጫፍ ዘረጋች። አረንጓዴ ነበር። ሐኪሙ ፊቱ ተለወጠ። አለማራቱን ሲሰማ የልጁን ሆድ ዳሰሰ፣ በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ አስገባ፣ ራጅ አስነሣው። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘና አሳያቸው።

"አየሩ እዚህ ድረስ ሄዶ ቆሟል፤ ከዚህ በታች ምንም የለም። አንጀቱ ተዘግቷል። አረንጓዴው ሐሞት ነው፤ መውረጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይመለሳል። አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል።"

"እኔ ነኝ በቅቤ የዘጋሁት?"

"አይደለም፣ እናቴ። ሲፈጠር የነበረ ነው። የጎዳው መዘግየቱ ነው።"

እማሆይ ሮጠው ቄስ አመጡ፤ ልጁ እዚያው ተጠመቀና ወደ ቀዶ ጥገና ገባ። ሸጊቱ ቢላዋዋን እንደጨበጠች ከበሩ ሥር ተቀመጠች። እዚህም የተዘጋ በር ነው።

ልጁ ተረፈ። ከቀናት በኋላ እማሆይ ጨርቁን ገልጠው ሲያዩ እልልታቸውን አቀለጡት።

"አራ! ሰዎች፣ ልጄ አራ!"

አስታማሚው ሁሉ ሳቀ።

ቤት ሲመለሱ እማሆይ ጋቢውን መስኮቱ ላይ መልሰው ሰቀሉት።

"ልጁስ ክርስትና ተነሥቷል አይደል፣ እማሆይ?"

"እሱማ ተነሣ። ያንቺ አርባ ግን ገና ነው።"

ሸጊቱ "እሺ" አለች። ቢላዋውን ትራሷ ሥር መለሰችና በጨለማው የልጁን ጨርቅ ዳሰሰች። ቆሽሾ ነበር፤ አንጀቱ ተከፍቷል። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።