ልጄ በጥንቆላ የተከሰሰችበት ዓርብ

ልጄ በጥንቆላ ተከሳ ችሎት ፊት የቀረበችው አሥራ ሰባት ዓመት በሞላት ሰሞን ነው። ከሳሿ ላም የሞተችባት ጎረቤት ነበረች። ዳኛው ጢሙ በሙጫ የተለጠፈ ሽማግሌ ነበር። ችሎቱ ግብፅ ውስጥ፣ ሸይኽ ዛይድ ከሚባለው ሰፈር ወዲያ፣ በረሃው ዳር በጣውላና በካርቶን የቆመ መንደር ውስጥ ነው የተቀመጠው። የቴሌቪዥን ድራማ ነው። በድሮ ጊዜ፣ በሩቅ አገር፣ ሴቶች ጠንቋይ ናችሁ እየተባሉ ይፈረድባቸው የነበረበትን ዘመን ያሳያል።

የምንኖረው ሀረም የሚባል ሰፈር ነው፣ እኔና እሷ ብቻ። እኔ ዛማሌክ ሰፈር አንድ ቤት ምግብ አበስላለሁ፤ እሷ ትማራለች። ግብፅ የገባነው ገና ሁለት ዓመቷ ሳለ ስለሆነ ዓረብኛዋ የሰፈሩ ልጆች ዓረብኛ ነው። ስትናደድ ደግሞ የታክሲ ሾፌሮች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር ኮምፓርስ ልትሆን ሄደች። ኮምፓርስ የሚሏቸው ከኋላ ቆመው ሕዝብ የሚሆኑትን ነው። ሕዝብ ልትሆን ሄዳ ተከሳሽ ሆና ተመለሰች። ዳይሬክተሩ ድምፅዋን ወዶት ቅጠል እየሸጠች የምትኖረውን ልጅ ሁኚ ብሎ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሰጣት። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። ዕድሜዋ ስላልደረሰ የእኔ ፊርማ ያስፈልጋል።

«አንብቢልኝ» አልኳት።

አነበበችልኝ። ሰይጣንን አይቼዋለሁ። እጄን ሰጥቼዋለሁ። ላሚቱን የገደልኩት እኔ ነኝ።

«አይሆንም።»

«እማዬ፣ ቃሉ እኮ የኔ አይደለም። የልጅቷ ነው።»

«አፉ የማን ነው?»

ወረቀቱን መልሳ አየችው። «ላሟን ብቻ ብናዘዝስ?»

«ላሟንም አልገደልሽም።»

በዚሁ ይረሳል ብዬ ነበር። አልተረሳም። ይህች ልጅ ይህን ግዢልኝ፣ ያን አድርጊልኝ ብላኝ አታውቅም፤ ያለውን ተቀብላ ነው ያደገችው። ይህን ግን ፈለገችው። ሳህን ስታጥብ ትለማመዳለች፣ እኔ ስገባ ዝም ትላለች። ከበር ውጭ ቆሜ አዳመጥኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበረች። ያ ደግሞ የበለጠ አስፈራኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችንን ጠየቅኳቸው። መከልከሉ ከእሳቸው ቢመጣ ይሻላል ብዬ ነው።

«አባ፣ ለሰይጣን እጄን ሰጠሁት ልትል ነው።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ። ግን ደጋግመው ይቀርጹታል አሉ።»

 «እኔ ከዲቁናዬ ጀምሮ በየስቅለቱ ወንጌሉን ሳነብ ስቀለው፣ ስቀለው እላለሁ። እስከ ዛሬ ማንም ጠላት ነህ ብሎ የከሰሰኝ የለም። አብረሻት ሂጂ፣ አጠገቧ ሁኚ።» መስቀላቸውን አሳለሙኝና ጨመሩ፤ «መቼ ነው የሚታየው?»

ቤት ገባሁና ፈረምኩ።

ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ነው። በማይክሮባስ ሄድን። ሐሳቤ ዳር ይዤ ዳዊቴን ልደግም ነበር። ግን የመንደሩ ሴቶች ቁጥር አነሰ ተባለና የልብስ ኃላፊዋ መጥታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ያ ሐጋ፣ ነዪ» አለችኝ፤ እማማ እንደማለት ነው። ቡናማ ቀሚስና ነጭ ቆብ አደረገችልኝ። ነጠላዬን አላወልቅም ብላት ቀሚሱ ሥር ጠቅልላ ደበቀችልኝ። ከሁሉም ወፍራሟ የመንደሩ ሴት እኔ ሆንኩ።

ላም የሞተችባት ጎረቤት ቀድማ መሰከረች። ይህች ተዋናይ የምታለቅሰው በአንድ ዓይኗ ነው፤ ካሜራው ባለበት በኩል። ካሜራው ዞረና ሌላው ዓይን ተረከበ። ዳኛው ደግሞ በዕረፍት ሰዓት ሻይ የሚጋብዝ፣ ጉልበቴን አመመኝ የሚል የዋህ ሰው ነው። ሲጀመር ድምፁን ከፍ እንኳን አያደርግም፤ ዝግ ብሎ ይናገራል፤ ያኔ ነው የሚያስፈራው። ልጄ እጇ በገመድ ታስሮ መሐል ቆመች።

«ሰይጣንን አይተሻል?» አላት።

አማተብኩ።

«ስቶፕ» አለ ዳይሬክተሩ። «ያ ሐጋ፣ ማማተብ የለም።»

«ማሌሽ» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ።

እንደገና ተጀመረ። ሰይጣን ሲባል ከግራዬ ያለችው ሴት «አዑዙ ቢላህ» አለች፤ ከኋላ ሁለት ሴቶች ተከተሏት። ከቀኜ ያለችው ግብፃዊት ክርስቲያን አማተበች። እሷን ሳይ የኔም እጅ ተነሳ። ዳይሬክተሩ ራሱን ያዘ።

«ያ ጀማዓ፣ ይህ መንደር ጠንቋይ ሊፈልግ ነው የተሰበሰበው። ለጸሎት አይደለም።»

ሁላችንም እጃችንን ከኋላ እንድናጣምር፣ ከንፈራችንንም እንድንነክስ ታዘዝን። ሰይጣን ሲባል ሃያ ሴቶች ከንፈራቸውን ነክሰው ቆሙ። ዳይሬክተሩ አሁን የተቆጣ ሕዝብ መሰላችሁ አለ።

ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ የልጄ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ቀና ትላለች፣ ቆቤን ታያለች፣ ሳቋ ይመጣል። «ሰይጣንን አይ...» ትልና ትከሻዋ ይርገፈገፋል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የዳይሬክተሩ ረዳት ወደ ልብስ መቀየሪያው ድንኳን ሄዶ ሌላ ልጅ ይዞ መጣ። የልጄን ዓይነት ቀሚስ ለብሳለች፤ ቃሉን በከንፈሯ ትደግማለች።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለ ዳይሬክተሩ። «ካልሆነ ኸላስ፣ እሷ ትገባለች።»

ልጄ አንገቷን ደፋች። ሳቋ ጠፋ። ግን ተመልሶ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ የወለድኳት እኔ ነኝ። ረዳቱን ልውጣ አልኩት። አይቻልም፣ ቀድሞ በተቀረጸው ላይ ፊትሽ አለ አለኝ።

«አንቺ የሚጠበቅብሽ እሷን በጥላቻ ማየት ነው።»

«ልጄ ናት።»

«ያዕኒ፣ ለአንድ ደቂቃ ጎረቤት ሁኚ።»

ጥላቻ ከየት ላምጣ። ሌላ ነገር ግን አለኝ። ሰው ቤት ሄደን ልጅ ድገም ሲባል ቶሎ እጁን ሲዘረጋ፣ ቅዳሴ መሐል ሲያወራ፣ እናት አፏን ሳትከፍት የምታደርገው ነገር። ግልምጫ። አገጭ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ዓይን አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ባለበት ይቆማል። ቤት እንገናኛለን ማለት ነው። ልጄን ሳሳድግ አለንጋ ይዤ አላውቅም። አላስፈለገኝም።

ተጀመረ። ዳኛው ጠየቃት። ቀና ብላ አየችኝ፣ የከንፈሯ ጫፍ መሳብ ጀመረ።

ገለመጥኳት።

ፊቷ ዓመድ መሰለ። ትከሻዋ ተሰበሰበ፣ ጣቶቿ ገመዱ ውስጥ ተያያዙ፣ ድምፅዋ የስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ። ሰይጣንን ማየቷን፣ እጇን መስጠቷን፣ ላሚቱን መግደሏን ሳትሰናከል ተናዘዘች። ከዚያም ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር በአማርኛ ጨመረች።

«ሁለተኛ አይለምደኝም።»

ቀረጻው ቆመ። ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ።

«መጨረሻ ላይ ምን አለች?»

«ሌላ ላም አልገድልም አለች።»

ቀረጻውን መልሶ አየ። «ይቆይ። የጠንቋዮች ቋንቋ ይመስላል።»

ዳኛው ሊወድቅ የደረሰ ጢሙን በጣቱ ደግፎ አጠገቤ መጣ። አርባ ዓመት ተዋናይ ነኝ፣ ዛሬ ግን ዓይንሽን ሳይ ልጅቷን ቀድሜ ልናዘዝ ምንም አልቀረኝም አለኝ። ያቺ ሌላዋ ልጅ ወደ ድንኳኑ ስትመለስ አየኋት፤ አሳዘነችኝ። ሕዝብ ውስጥ አጠገቤ ትቁም ብዬ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ። ለልጄ ደግሞ ሁለት ክፍል ጨመሩላት። እግዚአብሔር ይመስገን።

ስንመለስ ማይክሮባሱ ውስጥ ልጄ ያደረጉላትን ቅባት ከፊቷ እየጠረገች ወደ መንገዱ ታያለች። ጎኗን ነካ አደረግኳት።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።»

«አንቺን ሳልጠይቅሽ በፊት እናቴ ፈቅዳለች ብያቸው ነበር።»

ይህን ገምቼ ነበር። ሳላያት፣ ዓይኔን ከሾፌሩ ትከሻ ሳላነሳ፣ አንዲት ቃል ብቻ ተናገርኩ።

«ሌላስ?»

ሀረም እስክንደርስ መናዘዟን አላቆመችም። ግማሹን ጨርሶ አላውቅም ነበር። ተመስገን፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር።